የሒሳብ ጸሐፊ ታማኝነቱ ለማን ነው?

አደራ የሚባለው ነገር ብዙ ዐይነት ነው። ገንዘብ በአደራ ይቀመጣል፤ ልጅ በአደራ ይሰጣል፤ ምስጢርም በአደራ ይነገራል። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ቈጥሮ ሲመልስ አደራው ይፈጸማል፤ ልጅ የተቀበለም አሳድጎ ሲመልስ ይመሰገናል። ነገር ግን ከአደራዎች ሁሉ ወሰኑን ለማወቅ የሚያስቸግር አንድ አደራ አለ፤ ይኸውም የሌላ ሰው ቤት ገቢና ወጪ እየጻፉ መኖር ነው። የሒሳብ ጸሐፊ ገንዘቡ የእርሱ አይደለም፤ ቤቱም የእርሱ አይደለም፤ ምስጢሩ ግን ሁሉ በእጁ ነው። ይልቁንም የሚያገለግለው ቤት ታላቅ ኩባንያ ሳይሆን አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ የሚነግዱበት ትንሽ ሱቅ በሆነ ጊዜ፥ ታማኝነቱ ለማን እንደ ሆነ መለየት ይቸግረዋል። ለሚያዘው ጌታ ነውን? ለቤተሰቡ ሁሉ ነውን? ወይስ ለሚጽፈው መዝገብ? ይህ ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ሲመረምሩት ግን የብዙ ቤት መቆምና መፍረስ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ፥ በአዲስ አበባ በመርካቶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለ እንበል። አባት በወጣትነታቸው ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው እየዞሩ በመሸጥ ያቋቋሙት ነው። እናት ከገንዘቡ ሣጥን አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ታላቁ ልጅ ከአስመጪዎች ጋራ ይዋዋላል፤ ታናሹ በሱቁ ውስጥ ይሸጣል፤ ሴቲቱ ልጅ አግብታ በሌላ ከተማ ትኖራለች። ከነዚህ ሌላ ሁለት ደመወዝተኛ ሻጮችና አንድ የሒሳብ ጸሐፊ አሉ። ጸሐፊው ጧት ሲገባ የትናንቱን ሽያጭ ከደረሰኙ ጋራ ያስተያያል፤ ሣጥኑን ቈጥሮ ወደ ባንክ የሚሄደውን ይለያል፤ በዱቤ የወሰደውንና ዕዳውን የከፈለውን በየስሙ ይመዘግባል፤ ወር ሲያልቅም የሠራተኞችን ደመወዝና የመንግሥትን ግብር ያሰላል። ሥራው ድምፅ የለውም። ሻጩ ሲሸጥ ይታያል፤ ነጋዴው ሲዋዋል ይሰማል፤ ጸሐፊው ግን የሚታወሰው ቍጥሩ አልገጥም ያለ ቀን ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ለጸሐፊው የሚሰጠው ታላቅ ክብር «አንተ እኮ የቤት ልጅ ነህ» መባል ነው። ከማዕዱ ይቀርባል፤ በበዓል ይጠራል፤ ቢታመም ይጠየቃል። ይህ ቃል በእውነት የፍቅር ቃል ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ነገር ግን እንደ ሰይፍ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። የቤት ልጅ የተባለ ሰው ደመወዙ ሲዘገይ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ስሕተት ሲያይም ለመናገር ይፈራል፤ ልጅ የአባቱን ጉድለት አይቈጥርምና። እንግዲህ ቤተሰቡ ልጄ ያለው ስለ ወደደው ብቻ ነውን፥ ወይስ ዐይኑን እንዲጨፍንለት? ይህን መለየት የሚቻለው መዝገቡና የጌታው ፈቃድ የማይስማሙበት ቀን ሲመጣ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ከክፋት አይመጣም፤ ከልማድ ይመጣል። እናት ለአስቤዛ ከሣጥኑ ያነሣሉ፤ አባት ወደ ሠርግ ወይም ወደ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ያነሣሉ፤ ታናሹ ልጅም ለነዳጅ እያለ ያነሣል። ከነዚህ አንዱም አይጻፍም፤ «የራሳችን ገንዘብ አይደለምን?» ይባላልና። የሒሳብ ትምህርት ግን ሱቁን ከባለቤቱ የተለየ እንደ አንድ ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ከሣጥኑ የወሰደውን እንኳ ለግል ጉዳይ የተወሰደ ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ለብዙ ነጋዴ እንግዳ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ሱቁ በ100,000 ብር ጨርቅ ገዝቶ በ120,000 ብር ቢሸጠው፥ ኪራይና ደመወዝ ለጊዜው ሳይታሰብ፥ ትርፉ 20,000 ብር ነው። በነዚያው ቀኖች ቤተሰቡ 30,000 ብር ቢወስድ በሣጥኑ የሚቀረው 90,000 ብር ይሆናል። ያንኑ ጨርቅ መልሶ ለመግዛት ግን 100,000 ብር ያስፈልጋል። በየቀኑ ገንዘብ ሲገባ ስለሚታይ ጉድለቱን ማንም አያየውም። ቤተሰቡ ትርፉን የበላ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ትርፉን ጨርሶ ከዋናው ገንዘብ ደግሞ 10,000 ብር በልቷል። ጨርቁ በዱቤ የመጣ ከሆነም የበላው የራሱን ዋና እንኳ አይደለም፤ የአስመጪውን ገንዘብ ነው። እነሆ፥ በቤቱ ውስጥ ክፋት ያሰበ አንድ ሰው ሳይኖር የሰው ገንዘብ ተበላ።

ጸሐፊው የሚወሰደው ሁሉ ይጻፍ ብሎ በለመነ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ቅያሜ ነው። «እናቴ ሌባ ናት ማለትህ ነውን?» ይለዋል ልጁ። መጻፍን እንደ መጠርጠር ማየት የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በእቁቡ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅያሜ የለውም። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ አስቀድሞ ዋስ ይጠራል፤ ጸሐፊውም የከፈለውንና ያልከፈለውን በየስሙ ያሰፍራል። ዳኛው የልብ ወዳጁ፥ ጸሐፊውም አብሮ አደጉ ቢሆን ዋስ መጠየቁን እንደ ስድብ የሚቈጥረው የለም። ዋስ የሚጠራው ሰውዬው ሌባ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሟችና ረሺ ስለ ሆነ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልወደደም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ሐዋርያው በገንዘብ ነገር ምስክር ካስፈለገው፥ የአንዲት ሱቅ ባለቤት በአንዲት መስመር ጽሑፍ ሊቀየም አይገባውም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረትም ለሊቃውንት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለነጋዴም ነው።

ሁለተኛው ፈተና ግን ከልማድ ያለፈ ነው። ዓመቱ አልቆ ግብር የሚከፈልበት ጊዜ ሲቀርብ አባት ጸሐፊውን ወደ ጓዳ ጠርተው በዝግታ ይናገሩታል።

«ልጄ፥ የዘንድሮውን ገበያ አንተ ታውቀዋለህ። ለመንግሥት የምናሳየውን ለብቻ ጻፍልኝ፤ የእኛን ደግሞ ለብቻ እናስቀምጠዋለን።»

«ጋሼ፥ በሁለቱም ላይ የሚገኘው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።»

«እኔ አዝዤህ ከጻፍኸው ኀጢአቱም ዕዳውም በእኔ ይሁን።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የነገሩ ሁሉ ሥር አለ። ጌታው ኀጢአቱን እንደ ሸክም ከአገልጋዩ ጫንቃ አንሥተው በራሳቸው ጫንቃ ላይ ሊያደርጉት የሚቻላቸው መስሏቸዋል። የተጫነ በቅሎ በጭነቱ ውስጥ ያለውን ስለማያውቅ ሊጠየቅበት አይችልም። ጸሐፊ ግን በቅሎ አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈለው እጁ ስለሚጽፍ ብቻ ሳይሆን አእምሮው ስለሚያውቅ ነው። ለደመወዙ ምክንያት የሆነው ዕውቀቱ ከሆነ፥ ነገሩ በተመረመረ ጊዜ እንደማያውቅ ሰው ሊሸሸግ አይችልም። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል የተነገረው መጋቢ የጌታውን ባለ ዕዳዎች ጠርቶ የ100 ማድጋ ዘይት ዕዳ 50፥ የ100 መስፈሪያ ስንዴ ዕዳም 80 ተብሎ እንዲጻፍ አደረገ። ብልሃቱ ቢመሰገንለትም ዐመፀኛ ከመባል አልዳነም። ያ መጋቢ የሐሰት ቍጥር ያስጻፈው ጌታውን ጎድቶ ራሱን ለመጥቀም ነው፤ የመርካቶው ጸሐፊ ግን ጌታውን ለመጥቀም ይታዘዛል። ምክንያቱ ቢለያይም ቍጥሩ በሁለቱም ዘንድ ሐሰት ነው።

ይህ ፈተና ዛሬ የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. ሉካ ፓቾሊ የሚባል የፍራንቸስካውያን ማኅበር መነኵሴ በቬኒስ ከተማ ስለ ሒሳብ ትምህርት ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ አንዱ ክፍል የቬኒስ ነጋዴዎች መዝገባቸውን የሚይዙበትን ሥርዐት የሚያስረዳ ነው። ሥርዐቱን እርሱ አልፈጠረውም፤ በነጋዴዎች ዘንድ አስቀድሞ የነበረውን ጽፎ አስተማረ። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች በመስቀል ምልክት ይታወቁ ዘንድ የነበረውን ልማድ ይናገራል፤ ደግሞም አንዳንዶች ሁለት መዝገብ እየያዙ አንዱን ለገዢ ሁለተኛውን ለሻጭ እንደሚያሳዩ ጠቅሶ አጥብቆ ይነቅፋቸዋል። እንግዲህ የሒሳብ መዝገብ ትምህርት በታተመ መጽሐፍ ከወጣበት ከመጀመሪያው ዘመን ጀምሮ ሁለተኛው መዝገብ ጥላ ሆኖ ይከተለው ነበር ማለት ነው።

መነኵሴው ያስተማረው ሥርዐት እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ያስጽፋል፤ አንድ ጊዜ ከወዴት እንደ መጣ፥ አንድ ጊዜም ወዴት እንደ ሄደ። ጨርቅ በጥሬ ገንዘብ ቢሸጥ ገንዘቡ ሲጨምር ጨርቁ ይጐድላል፤ በዱቤ ቢገዛም ጨርቁ ሲጨምር ዕዳው አብሮ ይጨምራል። የዚህ ሥርዐት ጥበብ ሐሰትን አለመከልከሉ ነው፤ ሐሰተኛውን ግን ያደክመዋል። ሽያጩን የደበቀ ሰው ጨርቁ ወዴት እንደ ሄደ መደበቅ ያስፈልገዋል፤ ጨርቁን ለመደበቅ ግዢውን ማሳነስ አለበት፤ ግዢውን ሲያሳንስም የአስመጪው ደረሰኝ ይመሰክርበታል። አንዲት ሐሰት ብቻዋን አትቆምምና እኅቶቿን ትጠራለች። በዓመቱ መጨረሻ ቤቱ የሚያውቀው መዝገብ የለውም፤ አንዱን አያምነውም፥ ሁለተኛውን አያሳየውም።

ሆኖም ከነጋዴው ወገን የሚነገረው ክርክር የሚናቅ አይደለም። ጎረቤቱ ሲደብቅ እውነቱን የተናገረ ሰው ዋጋው ከጎረቤቱ ዋጋ ይበልጥና ገዢ ያጣል። ደግሞም እውነተኛ መዝገብ ያቀረበው እንደ ሐሰተኛ ተጠርጥሮ ግብሩ በግምት የሚቈረጥበት ጊዜ አለ። ይህ እውነተኛ በደል ነው። የበደል መንገዱ ግን ቅሬታና ይግባኝ ነው፤ ለይግባኝ የሚሄድ ሰውም የሚይዘው መሣሪያ ያው እውነተኛው መዝገብ ነው፤ ሁለት መዝገብ ያለው ሰው በዳኛ ፊት የትኛውን ይዞ ይቀርባል? ከዚህም ሌላ ሁሉ ግብር አንድ ዐይነት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ሆኖ የሚጨመረው በገዢው ላይ ነው። ነጋዴው ተቀባይና አድራሽ እንጂ ባለገንዘብ አይደለም። ከገዢው ተቀብሎ ሽያጩን መደበቅ ግብር መቀነስ ሳይሆን በእጅ የተሰጠ አደራ መብላት ነው።

ጸሐፊውም የራሱ ክርክር አለው። ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይ አለበት፤ እንቢ ካለ በማግስቱ በቦታው የሚቀመጥ ሌላ ጸሐፊ ይገኛል። «እኔ ብተወው ሐሰቱ አይቀርም፤ የሚቀረው የልጆቼ እንጀራ ብቻ ነው» ይላል። ይህን ቃል የተመቸው ሰው በቀላሉ ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ከሚለው ተረት ጋራ አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም ሥራን የሚመዝኑት ለራስ ባስገኘው ወይም ባሳጣው ነገር ብቻ ነው። በመዝገቡ የሚጐዱት ሰዎች ግን ከሚዛኑ ላይ አልወጡም።

እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? በጓዳው ንግግር ጊዜ ያልነበሩት ናቸው። አንደኛው ደመወዝተኛው ሻጭ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ለሻጩም ጡረታ አስቦለታል፤ መዋጮውም ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ፥ ከአሠሪው 11 ከመቶ ሆኖ ይሰላል። ጸሐፊው መዋጮውን ለማሳነስ የሻጩን ደመወዝ ከእውነተኛው አሳንሶ ቢጽፍ፥ ያ ወጣት ዛሬ ጥቂት ብር በእጁ ስለሚተርፍ ደስ ሊለው ይችላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሽማግሌ ሆኖ ጡረታውን ሲጠይቅ ግን የሚሰጠው በተጻፈው ልክ ነው። በአንዲት ከሰዓት በኋላ የተጻፈች ቍጥር የአንድን ሽማግሌ ራት ቀነሰች።

ሁለተኛዪቱ በሌላ ከተማ ያለችው ሴት ልጅ ናት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለ ጊዜ ለሟች ልጆች ወንድና ሴት ሳይለይ እኩል ድርሻ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ እኩልነት ግን በቤት ውስጥ የሚፈጸመው በሒሳብ መዝገብ ነው። አባት ሲሞቱ ሱቁ ምን ያህል እንዳለው የሚያውቁ በሱቁ የዋሉት ወንድሞች ናቸው። የሚታየው መዝገብ ንግዱ አነስተኛ ነው ይላል፤ እውነተኛው መዝገብ የተደበቀ ነው። ለመንግሥት ተብሎ የተጻፈው ሐሰት እንግዲህ በእኅት ላይ ይሠራል። ወንድሞቿ ክፉዎች ባይሆኑ እንኳ እርሷ ልታምናቸው የምትችልበት ማስረጃ የላቸውም፤ «የእናት ሆድ ዥንጕርጕር» እየተባለ የሚፈርሰው ቤት ብዙ ጊዜ የፈረሰው በጠባይ ልዩነት ሳይሆን እውነተኛ መዝገብ በማጣት ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ በሱቁ ውስጥ ያለው አስመጪ ነው። ከውርስ ክፍያ አስቀድሞ የሟች ዕዳ ይከፈላልና «የአባት ዕዳ ለልጅ፥ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የተባለው በዚህ ጊዜ ይደርሳል። ዕዳው በትክክል ካልተጻፈ፥ ወይ አስመጪው ያልተከፈለውን ያጣል፥ ወይ ልጆቹ የተከፈለውን ሁለተኛ ይከፍላሉ። ሕግም ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ ያዘዘው ይህን ሁሉ ዐስቦ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይህን ደነገገ፤ በ2013 ዓ.ም. የታወጀው አዲሱ የንግድ ሕግም ግዴታውን አልሻረውም።

አራተኛው ደግሞ ራሳቸው አባት ናቸው። ዛሬ በጓዳ የሚያዝዙት አባትና ከዐሥር ዓመት በኋላ ያረጁት፥ የረሱት፥ ልጆቻቸው የሚከራከሩባቸው አባት በሥጋ አንድ ቢሆኑም በፈቃድ አንድ አይደሉም። የኋለኛው አባት ቢጠየቁ «ምነው ያን ጊዜ እንቢ ባልከኝ» ሊሉ ይችላሉ። እንግዲህ ጌታን ማገልገል ማለት ያዘዘውን ሁሉ መፈጸም ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚሆነውንም ሰው ማገልገል ነው።

በሁለተኛው መዝገብ ውስጥ ሌላም የተሰወረ ጉዳት አለ። ሐሰቱን በእጁ የጻፈ ጸሐፊ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጌታው ጌታ ይሆናል። ደመወዝ ቢያስጨምር ማን ይከለክለዋል? ከሣጥኑ ቢያነሣስ ማን ይከስሰዋል? የሚከስሰው ቢኖር እርሱም የሚናገረው አለው። በፍቅር «የቤት ልጅ» ይባል የነበረው ሰው አሁን የሚጠራው በፍርሃት ነው። እርሱም በበኩሉ ይፈራል፤ የእጅ ጽሑፉ በዚያ ቤት ታስሯልና ሊለቅ ቢፈልግ አይችልም። እንቢ ያለው ጸሐፊ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል፤ እሺ ያለው ግን የመሄድ ነጻነቱን አጥቷል።

ነገር ግን እውነተኛ መሆንና ጨካኝ መሆን አንድ አይደለም። ምስጢር መጠበቅ ሌላ ነው፥ ሐሰት መጻፍ ሌላ ነው። የልጁን ብክነት፥ የአባትን ዕዳ፥ የእናትን ስጦታ ለገበያ የሚያወራ ጸሐፊ ቍጥሩ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ከዳተኛ ነው። ዝም ማለት በሚገባው ስፍራ ዝም ይላል፤ በጻፈ ጊዜ ግን የሆነውን ይጽፋል። ስሕተት ያየ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለባለቤቱ ብቻቸውን፥ በአክብሮት፥ ቍጥሩን በፊታቸው አድርጎ ይናገራል። እንቢ ሲልም በድል አድራጊ ድምፅ አይደለም፤ ስለ ቤቱ እንደሚያዝን ሰው ነው። ባልሠሩት ጥፋት እንዳይጠረጥራቸው፥ ካለፈው ዓመት የተረፈውንም ጉድለት እንዲያስተካክሉ በሕግ የተፈቀደውን መንገድ ፈልጎ ያሳያቸዋል። ፈቃደኛ ያልሆነ እጅ ብቻ ሳይሆን ጠቃሚ ምክር ይዞ መቅረብ ይገባዋል።

ቤቱም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ለአባት፥ ለእናትና በሱቁ ለሚሠሩት ልጆች በወር የታወቀ ገንዘብ ይቈረጥላቸው፤ ከዚያ በላይ የተወሰደው በወሰደው ስም ይጻፍ። በዓመት አንድ ቀን መዝገቡ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት፥ በሩቅ ያለችው ልጅም ባለችበት፥ ይነበብ። ለጸሐፊውም የሚበቃ ደመወዝ በቀኑ ይከፈለው። ያልተከፈለውን ሰው ታማኝ ሁን ማለት ፈተናን በእጅ መስጠት ነውና። ጸሐፊውን የቤት ልጅ ያለ ቤተሰብ እንደ ልጅ እውነቱን እንዲናገር ይፍቀድለት።

ይህን ሁሉ ያደረገ ጸሐፊ ሁልጊዜ ይመሰገናል ማለት ሐሰት ይሆናል። አንዳንዱ ጌታ ይሰማል፤ አንዳንዱ ይቈጣል፤ አንዳንዱም ያሰናብታል። የተሰናበተው ጸሐፊ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቤቱ ይጨነቃል፤ ይህን ጭንቀት በመልካም ቃል ማሳነስ አይገባም። ሆኖም የተነሣው ጥያቄ መልስ ከዚህ ሌላ አይገኝም። የጸሐፊ ታማኝነት ለሚያዘው ሰው ወይም ለራሱ መልካም ስም ብቻ አይደለም፤ በተጻፈው ለሚዳኙትና በተጻፈበት ቀን በስፍራው ላልነበሩት ነው። አንድ ቀን አባት ተቀብረው፥ እንግዶች ተሸኝተው፥ ከሩቅ አገር የመጣችው ልጅ በሱቁ ጓዳ ተቀምጣ መዝገቡን ትገልጣለች። የጻፈውን ሰው አታውቀውም፤ ምናልባትም ከዚያ ቤት ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እርሷ ግን ከመስመር ወደ መስመር እየወረደች ታነባለች፤ የአባቷን ድካም፥ የእናቷን ወጪ፥ የወንድሞቿን ድርሻ፥ ያልተከፈለውንም ዕዳ ሁሉ በስፍራው ታገኘዋለች። መዝገቡን ዘግታ ወንድሞቿን ለመጥራት ስትነሣ የምትጠራቸው ለክስ ሳይሆን ለምክር ከሆነ፥ የዚያ ጸሐፊ አደራ በዚያች ሰዓት ተፈጸመ።